ዘንዶ ላይ ፀሐይ ማውጣት

እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ በየሳምንቱ ማታ የሚሰበሰቡ ጎልማሶች አሉ። አንዱ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር። አንዱ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር። ሁሉም በስፖንጅ የተጠቀለለ ነገር በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። ታች ቢራ የሚጠጣው ሰው የተጠቀለለውን ቢያይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር። የያዙት ጭራቅ ነው። ክንፍ ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ አንዳንዱም ከአንድ በላይ ራስ ያለው የፕላስቲክ ጭራቅ። እኔም አለሁበት። ብቸኛው ሐበሻ ስለሆንኩ ስለ ቡናና ስለ ማራቶን የሚነሳ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመራል።

ሥራችን ሚኒየቸር፣ ማለትም ትንንሽ ምስሎችን፣ ቀለም መቀባት ነው። ምስሎቹ የተሠሩት ጠረጴዛ ላይ በዳይስ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። ከእኛ ግማሹ ግን ዳይስ ከወረወረ ዘመን አልፎታል። ቀለሙ ይበቃዋል።

በየወሩ ውድድር አለን። በወሩ መጀመሪያ ሁሉም የሚቀባውን ያስመዘግባል፣ በወሩ መጨረሻ ቀብቶ ያመጣል፣ ድምፅ ይሰጣል። ገንዘብ የለም፣ ዋንጫ የለም። ያሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ወር ርዕስ ይመርጣል፤ በቃ ይኸው ነው። ታዲያ ይቺን ሥልጣን እንዳትንቋት። ባለፈው ወር ያሸነፈው ሰውዬ አዲስ ኤርብራሽ፣ ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ፣ ገዝቶ ነበር። ርዕሱን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ትልልቅ ጭራቆች፣ ሃይላይታቸው በደንብ የተሠራ።» ሃይላይቱ ምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ ብቻ በኤርብራሽ ካልሆነ አሳር የሚያሳይ ርዕስ! ሥልጣንን ለግል ጥቅም ማዋል የእኛ አገር ችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለነገሩ ከተማዋም በዚህ ነገር የተለከፈች ናት። ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ምስሎቹን የሚያመርተው ሲታዴል ደግሞ በ1979 እዚህ አቅራቢያ ኒውአርክ ላይ ተከፈተ። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚሁ ኖቲንግሃም ነው። በዙሪያቸው ቀራጩም፣ ትንሹም ትልቁም አምራች ተሰብስቧል። አካባቢውን «የእርሳስ ቀበቶ» ይሉታል፤ ድሮ ምስሎቹ ከእርሳስ ቅይጥ ነበር የሚሠሩት። ከ1987 ጀምሮ «ጎልደን ዲመን» የሚባል ትልቅ የቅብ ውድድርም አለ። እዚያ ከሁሉም የበለጠ ሰው እውነተኛ ሰይፍ ይሸለማል። እኛ ክለብ ሰይፍ ባለመኖሩ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ድምፅ በሚቆጠርበት ማታ።

ኩባንያው በ2024 መጨረሻ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከ100ዎቹ ታላላቆች ተርታ ገባ። ያን ሰሞን ሂሳብ ሠራተኛችን ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። «የልጅ መጫወቻ» እያለች የምታሾፍበትን ሚስቱን ነገሩ ኢንቨስትመንት መሆኑን አስረዳት። አንድም አክሲዮን የለውም። ያለው ያልተከፈተ ካርቶን ነው። አልጋ ሥር አለ፣ ጣሪያ ሥር አለ፣ አማቱ ጋራዥ ውስጥም አለ። በዚህ ዓለም ያልተቀባውን ቁልል «የኀፍረት ክምር» ይሉታል። ኀፍረቱ ግን ከመግዛት ሲያግድ አላየሁም።

አሁን ወደ ሃይላይቱ። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ፈካ ባለ ቀለም ማንሳት ነው። የክፍሉ መብራት አይበቃም ወይ? አይበቃም። የምንቀባው ዘንዶ ትንሽ ነው፤ ከጡንቻው ሥር ደህና ጥላ አይወድቅም። ስለዚህ ጥላውንም ብርሃኑንም ቀቢው ራሱ ይፈጥራል። ተራ ወታደር ላይ ይሄ ቀላል ማጭበርበር ነው። ወታደሩ ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትከሻው ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ጣል ታደርግና ያበራል። ማንም አይመረምረውም። ትልቅ ጭራቅ ግን ሰፊ ቆዳ አለው። አንድ ክንፉ ብቻ መዳፍ ይሞላል። ጠርዙን አስምረህ መሃሉን ብትተወው ሁሉም ያይሃል። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ በስስ ቀለም፣ እየደረበክ፣ እየጠበቅክ መሄድ አለብህ። የሰው ጠባይ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው ከጅራት ይጀምራል። እያንዳንዷን ቅርፊት ለብቻዋ ጠርዟን ያሰምራል። አንዲት አይዘልም፤ ኦዲት ያለበት ነው የሚመስለው። ወሩ ሲያልቅ ጅራቱ ዓይን ይወጋል፣ ራሱ ገና ጥቁር ነው። ዘንዶውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። «ሲሸሽ ነው» ይላል።

ሹፌሩ ደግሞ የድራይብራሽ ሰው ነው። ብሩሹን ቀለም ያስነካል፣ ጨርቅ ላይ ጠርጎ ጠርጎ ሊደርቅ ሲል ቅርፊቱ ላይ ሸር ሸር ያደርገዋል። ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ ቀለሙን ይይዛል። አንድ ማታ ይበቃዋል። ቅርፊትና ጠጉር ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ክንፉ ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ። ልሙጥ ቆዳ ድራይብራሽ አይወድም፤ አቧራማ ይሆናል። የባለፈው ዘንዶው ወፍጮ ቤት ያደረ ይመስል ነበር። ይሄን ሲነግሩት «ከሩቅ እዩት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጨዋታው ላይ ሁሉም የሚያየው ቆሞ ከክንድ ርቀት ነው። ክለቡ ውስጥ ግን ማንም ቆሞ አያይም። አፍንጫውን ክንፉ ላይ ለጥፎ ነው።

ባለ ኤርብራሹ ስለ ቅብ ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ መርፌው ነው። መርፌው ተደፈነ፣ መርፌው ታጠበ፣ መርፌው ጎበጠ። አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ሲነሳ ደግሞ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።

የፊዚክስ መምህሩ ራሱ ሲቀባ አይቼው አላውቅም። ያንተን ዘንዶ አንስቶ፣ አንዴ አዙሮ፣ በትሕትና ይጠይቅሃል። «ፀሐዩ ከየት ነው?» ስንት ወዳጅነት ያደፈረሰች ጥያቄ ናት። ግራ ክንፉ ከቀኝ በርቶ፣ ቀኝ ክንፉ ከግራ በርቶ፣ ሆዱ ደግሞ ከመሬት የበራ ዘንዶ የማን ቤት የለም? ሦስት ፀሐይ የወጣበት ዘንዶ ይዘህ «ከላይ ነው» ትላለህ። እሱም «አስደሳች ነው» ይልና ያስቀምጠዋል። እዚህ አገር ከቆያችሁ «አስደሳች ነው» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሱ የሚብሰው «ደፋር ምርጫ ነው» ነው። እሱን የተባለ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋን ይይዘዋል።

«ደፋር ምርጫ» ከተባሉት አንዱ ቀይ ዘንዶ ነበር። ቀይን ለማፍካት ነጭ ከጨመርክበት ሮዝ ይሆናል። የሚጨመረው ብርቱካናማ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይመክራል፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ብርቱካናማው ሲያልቅ ሁሉም ነጩን ያነሳል። ሰውዬው ሮዝ ዘንዶውን ይዞ ሲመጣ ዓይኑን አላሸም። «ገና ሕፃን ነው» አለ።

ስለ ቀለሙ ውፍረት የሚደረገው ክርክር ራሱን ችሎ አንድ ማታ ይፈጃል። መቼም የታወቀው ምክር «እንደ ወተት ይቅጠን» ነው። የትኛው ወተት? የዚህ አገር ወተት ባለ ሰማያዊ ክዳን አለ፣ ባለ አረንጓዴ አለ፣ ቅባቱ የወጣለት ባለ ቀይ አለ። ክለቡ በሦስት አንጃ ተከፍሏል። ባለ ቀዮቹ አክራሪ ናቸው፤ ቀለማቸው ከመቅጠኑ የተነሳ ዘንዶው ላይ ከማረፉ በፊት ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል።

ብሩሹም የራሱ ጣጣ አለው። ዊንዘር ኤንድ ኒውተን የሚባለው ኩባንያ ሲሪስ ሰቨን የተባለ ብሩሽ ይሠራል። ኩባንያው እንደሚለው በ1866 ንግሥት ቪክቶሪያ ለውኃ ቀለም ሥዕላቸው ምርጥ ብሩሽ አዝዘው ነው የተጀመረው፤ ሰባት ቁጥር የሚወዱት ልክ ነበር። ጠጉሩ ኮሊንስኪ ከሚባል የሳይቤሪያ አውሬ ጅራት ይመጣል። እንግዲህ ለንግሥት የተፈለሰፈ ብሩሽ ዛሬ ከመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ የዘንዶ የእግር ጥፍር ይቀባል። ብሩሹን ከሚስቱ የደበቀው ሂሳብ ሠራተኛ ዋጋውን እኔንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

በዚህ ወር መሃል ላይ አክስቴ ከለንደን መጡ። ዘንዶው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክንፉ እንዲደርቅ። አማተቡ። ቀጥለውም መነጽራቸውን አደረጉና ዙሪያውን አዩት።

«ዘንዶው አለ» አሉ። «ጊዮርጊስ የታለ?»

«ጊዮርጊስ የለም። ዘንዶው ብቻ ነው።»

«እንዴት ዘንዶ ብቻውን ይሳላል? ማን ይግደለው?»

የሚገድለው እንደሌለ፣ በየወሩ ጓደኞቼ ጋር እየቀባን ለውድድር እንደምንሰበሰብ ነገርኳቸው። በየወሩ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ማኅበር ነው?» አሉ። «የማነው? በስንት ነው የምትሰበሰቡት?» ቋሚ ቀን የለውም አልኳቸው። «ብቻ በ23 እንዳታደርጉት» አሉ። «በበዓሉ ቀን ጠላቱን አስጊጣችሁ!»

እንግሊዞችም እኮ ጊዮርጊስ ጠባቂያቸው ነው አልኩ ነገር ለማለዘብ። እነሱ ኤፕሪል 23 ያስቡታል፣ እኛ ሚያዝያ 23። በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ስምንት ቀን ይቀድሙናል እንጂ ቁጥሩ አንድ ነው። አክስቴ አልተደነቁም። «ታዲያ እያወቁ ነዋ!» አሉ።

ከዚያ ወደ ቅቡ ገቡ። የክለባችን ዳኞች በአክስቴ ፊት ምንም አይደሉም። «ምነው ሁለት ዓይን አደረግክለት?» አሉ። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። የእኔ ዘንዶ በሁለቱም ዓይኖቹ አፍጥጦ ያያቸዋል። «ጀርባው ላይስ ይሄ ነጭ ነጭ ምንድን ነው? ለምጽ ነው?»

«ብርሃን ነው።»

«ለዘንዶ?»

«አዎ፣ ሃይላይት ይባላል።»

«እና ለዘንዶ ብርሃን የምትሰጠው አንተ ነህ?» ይሄን ጥያቄ ፊዚክስ መምህሩም አልጠየቀኝም። ከነሐሳብ ልዩነታችን ወደ ቡናው ሄድን። ቡናው መሃል ላይ ግን ነገሩ ስለከነከነኝ መልሼ ጠየቅኳቸው። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ጥላ የለም፤ ታዲያ ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?

ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ መለሱ። «ከሰማይ ነዋ! ከየት እንዲመጣ ፈለግክ?»

ይሄን ለክለቡ አወራሁ። ባለ ኤርብራሹ ከወንበሩ ተነሳ። ምስሉን በሙሉ ጥቁር ነፍተህ፣ ከዚያ ነጩን ከአናቱ ብቻ የምትነፋበት ዘዴ አለ። ዘኒታል ይሉታል። ነጭ ያረፈበት ሁሉ ፀሐይ ያረፈበት ነው ማለት ነው። «አክስትህ ዘኒታል ናቸው!» አለ። ከዚያን ማታ ጀምሮ ክርክር በተነሳ ቁጥር የአክስቴ ሐሳብ ይጠቀሳል። አክስቴ ኤርብራሽ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ሂሳብ ሠራተኛው ጅራት ይዞ መጣ። ባለ ኤርብራሹ የመርፌ ታሪክ ይዞ መጣ። ሁለት ሰዎች ፎቶ ብቻ ላኩ፣ ለዚያውም በአምፖል ሥር የተነሳ፤ አምፖሉ የሠራው ሃይላይት ከእነሱ ይበልጣል። አንዱ «ሕይወት ገባብኝ» አለ። ሕይወት የሚገባው ሁሌ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የእኔ ዘንዶ ቫርኒሹ ስላልደረቀ አውቶቡስ ውስጥ በእጄ አንጠልጥዬው ነው የመጣሁት፤ አንዲት ሴትዮ ቦታ ለቀቁልኝ።

ሙሉ በሙሉ ጨርሶ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሹፌሩ። ክንፉ ያው አቧራ ነው። «ደፋር ምርጫ» ያሉት ሁሉ ግን እጃቸው ላይ ያለቀ ዘንዶ ስላልነበረ ድምፁን ለእሱ ሰጡ። ፊዚክስ መምህሩም ሰጠ፤ «ፀሐዩ ቢያንስ አንድ ነው» ብሎ።

ሹፌሩ የሚቀጥለውን ወር ርዕስ ለመምረጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የፈራረሱ የድንጋይ ሕንፃዎች። ድንጋይ ደግሞ ለድራይብራሽ የተፈጠረ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ባለ ኤርብራሹ ይሄ ግልጽ አድልዎ ነው ብሎ ጮኸ። ሂሳብ ሠራተኛው አልተናደደም። ማስታወሻውን አውጥቶ ሕንፃው በጠቅላላው ስንት ድንጋይ እንዳለው ጠየቀ።