ምስጋና ለሃይላንዱ ዘይት

ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል። ሲጥ ሲጥ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ሞተር አጠገባችሁ ይቆማል፤ ሞተረኛው ከመቀመጫው ሥር አንድ ሃይላንድ ያወጣል። ክዳኑ በምስማር ተበስቷል፤ ውስጡ ከአተላ የጠቆረ ዘይት አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፦ የኋላውን ጎማ በሚያዞረው ሰንሰለት፣ በካቴናው ላይ ጭምቅ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት ይገኛል! ካቴናው ሲጮህ ምን እንደነካው አይጠይቀውም፤ ዘይት አጉርሶ ዝም ያሰኘዋል።

ዘይቱስ ዝም ብሎ ዘይት መሰላችሁ? ባለ ታሪክ ነው እንጂ። ሞተር ውስጥ ሁለት ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አገልግሎ ጥላሸት ጠጥቷል፣ የብረት ብናኝ ለቅሟል፣ ቤንዚን ቀምሷል። ጡረታ ሲወጣ ጋራዥ ጥግ ክዳን በሌለው ባልዲ ተቀመጠ፤ አሸዋና የሲጋራ ቁራጭ ተመረቀለት። አሁን ደግሞ ካቴና ላይ ተሾመ። ቀጭን ነውና ሞተሩ ሲነሳ ይወረወራል፦ ሲሶው ለኋላ ጎማ፣ ሲሶው ለታርጋ፣ የቀረው ሠርግ ለምትሄደው ተሳፋሪ ነጠላ። እዚያው ተጣብቃ የቀረችው ጠብታ የፒስታውን አቧራ ሁሉ ትጠራለች። ዘይትና አቧራ ተቦክተው ብርጭቆ ወረቀት ሆነው ቀኑን ሙሉ ብረት ሲሞርዱ ይውላሉ። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ባለጥርስ ክብ ጥርሱ እንደ ዶሮ ጥፍር ሲጎብጥ ባለሙያችን ይመረምርና ምን ይላል? «ዘይት አንሶታል።»

ፈሪዎቹ ግን በየ500 ኪሎ ሜትሩ ካቴናቸውን በላምባና በብሩሽ ያጥባሉ። ቤንዚን አያስነኩም፤ የጎማ ቀለበት ያለውን ካቴና ቀለበቱን ይበላበታላ። በጨርቅ ካደረቁ በኋላ አዲስ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በካቴናው ታችኛው መስመር ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፤ ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትርፉን ይጠርጋሉ። ምን ያለ ሥራ ፈትነት ነው!

ሌላው ጀግና ወጣሪው ነው። ካቴናን እንደ ክራር ጅማት ካላጠበቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች የታችኛው መስመር መሐሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ የሚለካውም ጎማው እየዞረ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ነው። ሰው ሲጫንበት ይበልጥ ይወጠራላ! የካምቢዮው ኩሽኔታ የሚያልቀው በዚህ ነው። ወጣሪያችን የፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ ያላላና የቀኙን ማስተካከያ ብቻ ያዞራል፤ የግራው ምልክት የት እንዳለ አያይም። ጎማው ይጣመማል፣ ካቴናው የጥርሱን ጎን እየፋቀ እንደገና ይጮሃል፤ ሃይላንዱ እንደገና ይወጣል። 428 የሚባለው የካቴና መጠን አዲስ ሲሆን የ20 ማያያዣው ርዝመት 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ካለፈ ከሁለቱም ጥርሶች ጋር አብሮ ይቀየራል፤ አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ማሰር ብር መጣል ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን መቀለድ አልችልም። ሞተሩን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ረዳቱን ልጅ «ጨርቁን ካቴናው ላይ ያዝ» የሚል አለ። ጨርቁን ጥርሱ ይጎትተዋል፤ ጣት አብሮ ይገባል። የልጅ ጣት! አጥፋው፣ ማርሹን አውጣ፣ ጎማውን በእጅህ አዙር። አምስት ደቂቃ ነው፣ አንተ ሰው!

ወደ ምስጋናው እንመለስ። በካቴና ፈንታ ባለጥርስ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የሚጠቀሙ ሞተሮችም አሉ። ቺንጋ ዘይት አይፈልግም፤ እንዲያውም ዘይት ያበላሸዋል። ከጮኸ ወይ መስመሩን ስቷል፣ ወይ ውጥረቱ ልክ አይደለም፣ ወይ ቆሽሿል፤ ለቆሻሻው ለስለስ ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ይምጣ ብቻ፤ ሃይላንዱ ተሞልቶ እየጠበቀው ነው።