የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅን «አትገባም» አትበሉት

መኸር ሲገባ በአሜሪካ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወሬ አንድ ነው። የት ታመለክታለህ? ትገባለህ ወይስ አትገባም? ልጁ ጂፒኤውን፣ ማለትም የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቱን፣ እና ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤቱን ለጓደኞቹ ይናገራል፤ እነሱም ይፈርዳሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ የእኛ ልጆችም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረ አባት የኮሌጅን ነገር ብዙ ጊዜ ለልጁ ይተወዋል። ልጁ ደግሞ ጓደኛውን ይጠይቃል።

አንዲት የማውቃት ልጅ በቅርቡ ስልኳን አሳየችኝ። ለአንድ ኮሌጅ ለገባ ልጅ ሁለት ቁጥር ልካለታለች፤ ጂፒኤ 3.9፣ ኤስኤቲ 1480። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ «ትልልቆቹ አይታሰቡም፣ አትልፊ።» ከትምህርት በኋላ ታናናሾቿን የምትይዘው፣ ሐኪም ቤት ለእናቷ የምታስተረጉመው እሷ ናት። ይህን አልጻፈችለትም። እሱም አልጠየቃትም። እሷ ግን እንደ ሃርቫርድ ያሉትን ትልልቆቹን ኮሌጆች ከዝርዝሯ ሰረዘቻቸው።

ሃርቫርድ ከ100 አመልካች የሚቀበለው ከ5 ያነሰ ነው። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ «አትገባም» የሚል ሰው ከ100 ከ95 በላይ ጊዜ ልክ ይሆናል። ስለ አንዱም ልጅ ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

ተማሪ ሲቀበል ያዳላል ተብሎ በሃርቫርድ ላይ የቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን ላይ ሲሰማ የቅበላ ቢሮው አሠራር አደባባይ ወጣ። ለትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ለሚሠራው፣ ለስፖርትና ለባሕርይ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል። የመምህራን ደብዳቤ ይነበባል። ለስፖርት የተመለመሉና ወላጆቻቸው እዚያ የተማሩ ልጆች የተሻለ ዕድል እንዳላቸውም ታየ። ጓደኛ ከዚህ ሁሉ የሚያየው ሁለቱን ቁጥሮች ነው።

«ትገባለህ» ያለ ሰው ከተሳሳተ መጋቢት ላይ ይታወቃል። ልጁ ያዝናል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይገባል። «አትገባም»ን ግን የሚያርመው የለም። ያላመለከተ እንዴት ይግባ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ካሮላይን ሆክስቢና ክሪስቶፈር ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የወጡ እጅግ ጎበዝ ተማሪዎች አብዛኞቹ ለትልልቆቹ ኮሌጆች ጭራሽ እንደማያመለክቱ አሳይተዋል። እነዚያ ኮሌጆች ግን በሚሰጡት እርዳታ የተነሳ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይረክሱላቸው ነበር። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥና ብዙ ንብረት ለሌለው ቤተሰብ ልጅ ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ይሸፍናል። ይህን የሚያውቅ የእኛ ወላጅ ስንት ነው?

የሁለት ዓመቱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም ጥሩ መንገድ ነው፤ ምንም ክፋት የለውም። ልጁ ራሱ ይምረጠው ነው የምለው።

ወላጆች፣ አንድ ቅዳሜ ከልጃችሁ ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የወጪ ማስያ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገቢያችሁን አስገቡና ለእናንተ ስንት እንደሚመጣ እዩ። ብዙዎቹ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች የኤስኤቲ ውጤትና ለምን ነገር ክብደት እንደሚሰጡም በየዓመቱ ያወጣሉ። ለማመልከቻው ገንዘብ ካጠረ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ፤ አቅም ለሌለው ክፍያው ይነሳለታል። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው።