ባለ ሁለት ዋጋው ጫማ

ከባሕር ማዶ በፖስታ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በጉምሩክ መስኮት ፊት የሚነገረው ሲሆን ሁለተኛው በቡና ረከቦት ዙሪያ የሚነገረው ነው። እነዚህ ሁለት ዋጋዎች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ እንዳይተያዩም ላኪውም ተቀባዩም፣ አንዳንዴ ጎረቤቱም ሳይቀር፣ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ። አክስቴ ግን ባለፈው ዓመት በገዛ እጇ አገናኘቻቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከላኪው ነው። ወደ ውጭ አገር ጥቅል የሚልክ ሰው የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ ይሞላል፤ ለትንንሹ ሲኤን 22፣ ለትልልቁ ሲኤን 23 ይባላል። ዕቃው ምንድን ነው፣ ብዛቱ ስንት ነው፣ ምን ያህል ይመዝናል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ስጦታ ነው ወይስ የንግድ ዕቃ ብሎ ይጠይቃል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፣ እናቱን እግሯን እንደሚያማት ሰምቶ የ140 ዶላር የስፖርት ጫማ ገዛላትና ቅጹ ላይ «ስጦታ» በሚለው ቦታ ምልክት አድርጎ ዋጋውን 20 ዶላር ብሎ ሞላ። ይህን ያደረገው ለእናቱ አስቦ ነው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ የመደብሩን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። ይህንንም ያደረገው ለእናቱ አስቦ ነው፤ ጎረቤት ዋጋውን ካላወቀ ጫማው እንደ ተላከ አይቆጠርምና። በዚህም ምክንያት ጫማው ገና አትላንቲክን ሳይሻገር ደረሰኙ ሰፈሩን አዳርሶ ጨርሶ ነበር።

«ስጦታ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እንደ ክታብ እንይዘዋለን። አንገት ላይ ካሠሩት ቀረጥ የማያስጠጋ ይመስለናል። ስጦታም ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ይገመታል፤ ገማቹ የሚጠይቀው የተቀባዩን ደስታ ሳይሆን የዕቃውን ዋጋ ነው።

ጥቅሉ በር ድረስ አይመጣም። አገራችን በ1886 ዓ.ም. ፖስታን አቋቁማ፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናትም፣ አብዛኞቻችን አድራሻችን አሁንም የሰው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ራሳቸው ፓሪስ ታትመው የመጡ የውጭ ዕቃዎች ነበሩ፤ ያኔ ዳግማዊ ምኒልክን «ግርማዊ ሆይ፣ ደረሰኝ አለዎት?» የሚል ደፋር ይገኝ ነበር ለማለት ይቸግራል። ለአክስቴ የመጣው የጥሪ ወረቀት ጎረቤቷ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሳጥን አልፎ፣ ጎረቤቷ ኪስ ውስጥ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ እጇ ገባ። እኔም መታወቂያዋን ይዤ አጃቢ ሆኜ ተከተልኳት።

በወረፋው ላይ የገጠመን የጨረታ ተገላቢጦሽ ነበር። በወጉ ጨረታ ሰው ዋጋ እየጨመረ ይፎካከራል፤ እዚያ ግን ሁሉም የገዛ ዕቃውን እያንቋሸሸ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ወጣት ላፕቶፑ «ሲፈልግ ነው የሚበራው» ይላል። አንዲት ሴት ገና ከላስቲኩ ያልወጣውን ቀሚሷን «ጠቦኛል» ብላ ታማዋለች። ከሁሉ ያስገረመኝ አሥራ ሁለት ሱሪ የተላከለት ጎልማሳ ነበር። ዋጋ ለማስቀነስ «ያገለገለ ልብስ ነው» ብሎ አጥብቆ ከተከራከረ በኋላ፣ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል መሆኑ ሲነገረው አፍታ ሳይቆይ «አዲስ ነው ማለቴ ነው» አለ። አሥራ ሁለት ሱሪ በአንድ ትንፋሽ ሲታደስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰው ዕቃውን የሚያማው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀረጥ ብቻውን አይመጣም፤ ልጅና የልጅ ልጅ አስከትሎ ይመጣል። 10,000 ብር የተገመተ ዕቃ ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ፣ 35 በመቶው፣ ቢጣልበት 3,500 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን 15 በመቶ የሚሰላው ከ10,000 ሳይሆን ከ13,500 ብር ላይ ስለሆነ 2,025 ብር ይደርሳል። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ ወላጅንም ልጅንም አንድ ላይ ይቆጥርና ከ15,525 ብር ላይ 10 በመቶውን፣ 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ይወስዳል። ሌላውን ሳንጨምር ድምሩ 7,077 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዚያ ላይ የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ የዕቃው ዋጋ ውስጥ ስለሚገባ ጫማው ቀረጥ የሚከፍለው ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ መጣበትም መንገድ ነው። ግምቱ በብር ስለሚሰላም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዲት ዶላር ስትንቀሳቀስ ይህ ቤተሰብ በሙሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

አክስቴ ይህን ሁሉ ስሌት ባታውቅም መንፈሱ ገብቷታል። የሚገርመው ግን ዕቃው ከእሷ ወደ ልጇ ሲሄድ አቋሟ መገልበጡ ነው። ለፋሲካ በርበሬ ስትልክለት ዋጋውን እንድትናገር ብትጠየቅ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ያስፈጨችው በርበሬ በገንዘብ መጠየቁ አስቆጥቷት «የእናት እጅ ይተመናል?» ብላ መልሳለች። ቋንጣውን በበርበሬው ውስጥ ለመቅበር ያደረገችውን ሙከራ፣ የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ሥጋ በፖስታ እንደማያስገባ ነግሬ ያስቆምኳት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ተራችን ደረሰ። ገማቹ ትሑት፣ ድካም የሚታይበት ወጣት ነበር። ካርቶኑን ከፈተና ጫማውን አጠፍ፣ ዘርጋ አደረገው። ጫማ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ በምዕራፍ 64 ሥር የሚመደብ ሲሆን፣ ንዑስ ቁጥሩ የሚወሰነው ሶሉና ላዩ ከምን እንደ ተሠሩ ታይቶ ነው። አክስቴ ግን ይህን ስለማታውቅ ጫማዋ የተመረመረው እንደ በሽተኛ መሰላት።

«እማማ፣ ስንት ነው የተገዛው?»

«ምን ጫማ ነው ልጄ፣ ነጠላ ጫማ በለው። እግሬን ስለሚያመኝ ነው እንጂ ለሰው የሚታይ አይደለም።»

«ደረሰኝ አለዎት?»

«ስጦታ ደግሞ ምን ደረሰኝ አለው!»

ወጣቱ ወደ ቅጹ ተመለከተ፣ ወደ ጫማው ምላስ አየ፣ ጥቂት አሰበና በቅን ልቡና፣ ሊረዳትም ፈልጎ፣ «ልክ ነዎት፤ ይህ ዋናው አይደለም፣ ኮፒ ነው። መርካቶም ሞልቷል። በተጻፈው 20 ዶላር ይያዝልዎታል» አላት።

ከኋላችን የቆመው ሁሉ በቅናት ተነፈሰ። እኔ በልቤ ምስጋና ጀምሬ ነበር። አክስቴ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ማን ነው ኮፒ?»

ነጠላዋን ጎተት አደረግኩ። አልሰማችኝም።

«ልጄ ሌሊት የሚሠራው እናቱን ኮፒ ሊያጫማ ነው?» አለችና ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፎቶውን በመስኮቱ አሾልካ አሳየችው። «አንብበው! መቶ አርባ ስምንት ዶላር ከአርባ ሳንቲም! የእነሱ አገር ታክስ ሳይቀር ተከፍሎበታል!» የሜሪላንድን 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ለዋጋው ማረጋገጫ አድርጋ ያቀረበች ከእሷ በፊት ትኑር አትኑር እንጃ።

ገማቹ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያም «ይቅርታ እማማ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ 20ን ሰረዘ። አክስቴም ይቅርታውን በክብር ተቀበለች፤ የተባለችውንም ሳትከራከር ከፈለች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሒሳቡን ላስረዳት ብሞክርም፣ «ስሜን አጠራ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም።

ጫማው አሁን ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። እግሯን ማመሙን አልተወም፤ እሷም በነጠላ ጫማዋ ትሄዳለች። ቡና በተፈላ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ጫማው ሳይሆን የቀረጡ ደረሰኝ ነው። ባለፈው እሑድ ልጇ ከዱባይ ጫማ የላከላት ጎረቤት ደረሰኙን ረጅም ጊዜ አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «የእኔ ልጅስ በሰው እጅ ስለላከው ምንም አልከፈልኩም» አለች።

አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣ «እንግዲያው ኮፒ ይሆናላ» አለቻት።