«የሚያስቆም ነገር ስጡኝ»

ክርክሩ የተነሳው ድሬዳዋ ሳቢያን፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ፀሐይዋ ዘወር ብላ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ። የቤቱ ሕፃን ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ሆኗል። አያቱ፣ ሐረር ጁገል ተወልደው ድሬ ያረጁ ሴት፣ ፍርዳቸውን ከጠዋት ጀምሮ ሰጥተዋል፦ «ሆዱ ይረፍ። ወተቱም ገንፎውም ይቅርበት፤ ሻይ በስኳር ብቻ ስጡት። የገባው ሁሉ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ምኑን ታጎርሱታላችሁ?» አጎትየው ደግሞ መድኃኒት ቤት ደርሶ የፍላጂል ሽሮፕ ይዞ መጥቷል።

ቡናው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ጤና ጣቢያ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዱ የምግብ ሳይንስ መምህር፣ አንዷ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓይነት እህል የሕፃን ገንፎ ምጥን ዱቄት አዘጋጅታ ቀፊራ ላሉ ሱቆች የምታስረክብ ነጋዴ።

ነርሷ ሽሮፑን አገላብጣ አየችና «አቦ፣ ይሄን ማን አዘዘው?» አለች። «ሰገራው ደም አለው? ተመርምሮ አሜባ ወይም ጃርዲያ ተገኝቶበታል?» ደም የለውም፤ ምርመራም አልተደረገም። «እንግዲያው ለምን ይጠጣል? የሕፃን ውሃማ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ነው፤ ፍላጂል ቫይረስ አይነካም። አፉን ያመርረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የሚጠጣውን ውሃም ያስጠላዋል።»

መምህሩ አከለበት። በእስያና በአፍሪካ ባሉ ሰባት አገሮች፣ ድርቀት ወይም የምግብ እጥረት ባለባቸው ከ8,000 በላይ ሕፃናት ላይ አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሞክሯል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሁሉም ደም የሌለው ተቅማጥ የያዛቸው ነበሩ። መድኃኒቱን ለሦስት ቀን የወሰዱትና ያልወሰዱት እስከ 180 ቀን ድረስ ሲከታተሏቸው፣ በሞት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። «እነዚያ እኮ በጣም የሚያሰጉት ልጆች ናቸው» አለ። «እነሱን ካልጠቀመ እየተጫወተ ላለው ልጅ ምን ይሠራለታል?»

ፋርማሲስቱ ይህ ንግግር እሱንም እንደሚነካ ገብቶታል። «እናንተ ከመስኮቱ ወዲያ ቆማችሁ አታውቁም። የሚመጣው ሰው ሁሉ ቃሉ አንድ ነው፤ ‹የሚያስቆም ነገር ስጡኝ› ነው። ኦአርኤስ፣ ያንን በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ስሰጠው ‹ይሄ ውሃ ነው› ይለኛል። አምኖ ቢወስደው እንኳ በማግስቱ ‹አላቆመለትም› ብሎ ይመለሳል። አላቆመለትምም! እውነቱን ነው።»

ነርሷ እዚህ ላይ አልተከራከረችውም። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያስቆምም፤ ሥራው የወጣውን መመለስ ነው። ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ሕፃኑን የሚገድለው እስኪለቅ ድረስ የሚፈሰው ውሃና ጨው ነው። ይህን መድኃኒቱን ስንሰጥ ስለማንናገር፣ ሰውየው ያልተገባለትን ቃል ጠብቆ መድኃኒቱን ይጥለዋል።

አያትየው ወደ ሻያቸው መለሷቸው። «ውሃ ከሆነ የሚፈለገው፣ ሻዬ ምን አጠፋ?»

«አዴ፣ ስኳሩ ነው» አለች ነርሷ። መምህሩ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። የአንጀት ግድግዳ ግሉኮስንና (ስኳሩን) ሶዲየምን (ከጨው የሚገኘውን) አብሮ የሚያስገባ በር አለው፤ ይህን ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል፤ ተቅማጥ በበረታበት ሰዓትም ቢሆን ያ በር አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም በስደተኞች ካምፕ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት በርሜል ውስጥ የተበጠበጠ ጨውና ስኳር አጠጥቶ ብዙ የኮሌራ ሕመምተኞችን ያዳነው በዚሁ በር ነው። ስኳሩ ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አንጀት ውስጥ የቀረው ስኳር ከሰውነት ውሃ ስቦ ተቅማጡን ያብሰዋል። በጣም የጣፈጠ ሻይ፣ ሚሪንዳ፣ የታሸገ ጁስ ጉዳታቸው ይህ ነው። ኦአርኤስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከለሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሊትር ሶዲየሙ ከ90 ወደ 75 ሚሊሞል፣ ግሉኮሱ ከ111 ወደ 75 ወረደ፤ ማስመለሱም፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ልጅም ቀነሰ።

ቀጥሎ እናትየዋ የበጠበጡትን ኦአርኤስ አምጥታ አሳየች። አጎትየው «ጠንከር ይበል» ብሎ አንዱን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ በጥብጦታል። ፋርማሲስቱ ራሱን ያዘ። ለአንድ ሊትር የተመጠነ ፓኬት በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ ሶዲየሙ በሊትር 150 ሚሊሞል ይሆናል፤ የሰው ደም ደግሞ ከ135 እስከ 145 ነው። ልጁ ከደሙ ይልቅ ጨዋማ የሆነ ውሃ ጠጣ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲደጋገም አንጎል ላይ ጉዳት ያደርሳል። ቀጥኖ ከተበጠበጠም የወጣውን ጨው አይተካም። ለ200 ሚሊ ሊትርና ለግማሽ ሊትር የሚዘጋጅ ፓኬት ስላለ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። ለአንድ ሊትር ከሆነ ሙሉውን ፓኬት ፈልቶ በበረደ ወይም በውሃ አጋር በታከመ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ማሟሟት ነው። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ማለት አይሠራም፤ ዱቄቱ እኩል ስለማይደባለቅ ጨው ያንዱ፣ ስኳር የሌላው ቀን ድርሻ ይሆናል። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፣ ስኳር አይጨመርበትም፣ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

መጠኑንም ነርሷ ለእናትየዋ ደጋግማ ነገረቻት። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። በጡጦ ሳይሆን በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሶ፣ ቀስ ብሎ መቀጠል። ብዙ እናት የምትተወው እዚህ ጋ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲያስመልሰው «ሆዱ አልተቀበለውም» ትላለች። አልተቀበለውም የሚባለው የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ ነው፤ ያኔ ቤት መቀመጥ የለም።

የምግቡ ክርክር ከዚህ ይበልጥ ረዘመ። አያትየው ሰባት ልጅ አሳድገዋል፤ ንግግራቸውን በአንድ ቃል የሚያስጥል የለም። «አንጀቱ ቁስል ነው፤ ቁስል ላይ ምግብ ይጫናል?» መምህሩ አክብሮ መለሰላቸው፤ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ ይታደሳል፣ የሚታደሰውም በዋናነት በላዩ ላይ ከሚያልፈው ምግብ ነው። ምግብ ሲቆም አንጀቱ አያርፍም፤ ይሳሳል። የእናት ጡት ከሆነማ ለአንድም ሰዓት አይቋረጥም። ገንፎው፣ ሩዙ፣ እንቁላሉ በትንሽ በትንሹ እየተደጋገመ ይሰጣል፤ ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይበላል፤ የጎደለው ኪሎ የሚመለሰው ያኔ ነው። አያትየው ሌላም መንገድ ነበራቸው፦ «ግግ ይሆናል፤ ይነቀልለት።» እዚህ ጋ የነርሷ ድምፅ ከፍ አለ። ድዱ ውስጥ ያለው ነጭ እብጠት የሚወጣ ጥርስ ነው። ጥርስ የሚበቅልበት ጊዜ ልጁ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። በምላጭና በሽቦ የተነቀለ ድድ ይደማል፣ ይመረዛል፤ ያፈረጠው ሰው ደግሞ በዚያው መሣሪያ የስንቱን ልጅ ድድ እንደነካ አይታወቅም። አያትየው ዝም አሉ፤ የተስማሙ ግን አይመስልም።

ዚንክ ላይ ፋርማሲስቱ ጥሩ ነጥብ አነሳ። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ ሲሰጥ የኖረው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ ተቅማጡን በግማሽ ቀን ገደማ፣ የምግብ እጥረት ባለበት ልጅ በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥራል። ነገር ግን ያስመልሳል፤ እናቶችም በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕንድና ታንዛኒያ ውስጥ በ4,500 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት 5 እና 10 ሚሊግራምም ለተቅማጡ ከ20ው እንደማያንሱ፣ ማስመለሱ ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል። «ታዲያ እኔ ኪኒኑን ለሁለት ብከፍለው?» አለ። ነርሷ አልተቀበለችውም፤ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን መጠን ሲያወጣ እናትየዋ ማንን ትመን? በጥቂት ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት በማንኪያ ላይ ማሟሟት፣ ምግብ ከቀመሰ በኋላ መስጠት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው መድገም። እሱም እሷም አልተሸነፉም።

ነጋዴዋ እስካሁን ዝም ያለችው መምህሩ ስለ ጥሬ ሙዝ እስኪያነሳ ነበር። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ፣ ሚርፑር በሚባል ሰፈር፣ መካከለኛ የምግብ እጥረት ባለባቸው ከ12 እስከ 18 ወር በሆኑ 123 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ጄፍሪ ጎርደንና ታህሚድ አህመድ የተባሉ ተመራማሪዎች ቡድን ነው የሠራው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከሽምብራ፣ ከለውዝ፣ ከአኩሪ አተርና ከጥሬ ሙዝ የተሠራው ምግብ፣ ካሎሪው ከተለመደው አልሚ ምግብ እያነሰ፣ ልጆቹን የበለጠ ክብደት አስጨመረ። ምግቡ የተመረጠው አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንዲመግብ ታስቦ ነው። «ሽምብራም የባቢሌ ለውዝም በእጄ አለ፤ ነገ እጀምራለሁ» አለች ነጋዴዋ።

መምህሩ አቆማት። የዳካው ምግብ ዘይት፣ ስኳርና የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ተመጥኖ የገባበት ነው፤ ለምግብ እጥረት እንጂ ለተቅማጥ አልተሠራም። ደግሞ ለውዙ! በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ በብዛት መገኘቱ ታውቋል። ከእርሻ ሲገባ በደንብ ካልደረቀ ወይም ለመፈልፈል እንዲቀል ውሃ ከተረጨበት ይሻግታል፤ መርዙን መቁላት ጨርሶ አያጠፋውም። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን በእጅ መልቀም ግን ይቀንሰዋል። የሷን ምጥን በተመለከተም አልማራትም፤ አሥራ ሁለት ዓይነት እህል ማለት ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አጃ ከሆነ ሁሉም አንድ ወገን ነው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይበቃል፤ የቀረውን እንቁላሉና የሻይ ማንኪያ ዘይቱ ይሙላው። ገንፎው ለሕፃን ቢወፍርበት በውሃ ከማቅጠን፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል አድርጎ ካማሰሉት በኋላ መልሶ ማፍላት ይሻላል፤ እህሉ ሳይቀንስ ይቀጥናል። ብቅሉ የማሽላ ከሆነ የበቀለውን ቡቃያና ሥር አሽቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለበት።

ይህን ሲሉ ሁለት ዶሮዎች በረንዳው ላይ እየለቀሙ፣ ሕፃኑም ከኋላቸው እየዳኸ ነበር። መምህሩ ወደዚያ ጠቆመ። እዚሁ ቅርብ ሐረማያ ወረዳ፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ጥናት፣ ዓመት ገደማ ከሆናቸው መቶ ያህል ልጆች በግማሾቹ ሰገራ ውስጥ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል። ይህ ጀርም ዶሮና ከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ልጅን ሳያስቀምጠውም ሊቆይበት ይችላል። ውሎ ሲያድር የአንጀቱ ጣት መሰል እጥፋቶች ያጥራሉ፣ ግድግዳው ይሳሳል፤ ልጁ እየበላ አያድግም። ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ይፋ የሆኑት ትልልቅ ሙከራዎች ሽንት ቤት፣ ሳሙናና የታከመ ውሃ አቅርበው የልጆቹ ቁመት ሳይጨምር የቀረው፣ ግቢው ውስጥ ያለው እንስሳ ስላልተነካ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አያትየው ተቆጡ፦ «እንቁላል አብሉት ስትሉ ቆይታችሁ አሁን ዶሮዬን ልረድ?»

እኔ ሁሉንም ሰምቼ የምፈርደው ይህን ነው። ፍላጂሉ መመለስ አለበት፤ ፋርማሲስቱ ሰዉ ስለጠየቀው መስጠቱን ምክንያት አድርጎ ማቅረቡ አያዋጣውም፤ ምክንያቱም «ይሄ ተቅማጡን አያስቆምም፣ ልጁን ነው የሚያቆየው፤ በአንድ ሊትር በጥብጡት» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዚንኩን የመክፈል ጉዳይ ላይ ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ጥናቱ ጥሩ ነው፣ መጠኑ የሚቀየረው ግን በመመሪያ እንጂ በመስኮት አይደለም። የዳካው ምግብ ያጓጓል፤ ለውዟን ሳትለቅም የምትፈጭ ነጋዴ ግን ከሙዙ የሚገኘውን ጥቅም በሻጋታው ታጠፋዋለች። አያትየው ሆዱ ይረፍ ማለታቸው ስህተት ነው፤ ስለ ዶሮዋ ግን እውነት አላቸው፤ እንቁላሉ ለዚህ ልጅ ያስፈልገዋል። ዶሮዋ ማታ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ትውጣ፣ ቀንም እሱ የሚድህበት በረንዳ በሳንቃ ይከለል፤ ኩሱ ሳይጠረግ ልጁ መሬት አይቀመጥ።

ዛሬ ማታ ግን እናትየዋ የምታየው ሌላ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ከደነዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ከያዘ፣ ባጃጅ ተጠርቶ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው፤ መንገድ ላይም ማንኪያው አይቋረጥ። ይህ ሁሉ ሳይኖር 14 ቀን ከደፈነም ቤት ውስጥ የሚታከም ተቅማጥ አይደለም።