እጅ የሚወጣው ለድምፅ ብቻ ነው?
መምህራን ስለሆኑ የፓርላማ ተመራጮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ «መምህር ፓርላማ ሲገባ አንደበቱ ይታሰራል» የሚለው የጸሐፊው ድምዳሜ ትንሽ በዝቷል። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ምክር ቤት ገብተውም ሲሞግቱ አይተናል።

እኔ የምኖረው ካራ ነው፣ ከኮተቤ አለፍ ብሎ። እዚህ መምህር የማያውቀው ጓዳ የለም። የማን ልጅ ምሳ ሳይቋጠርለት እንደሚመጣ፣ ማን ታክሲ አጥቶ እንደሚያረፍድ ያውቃል። ጣጣው ከተመረጠ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ «ጥያቄ ያለው?» ሲል የኖረ ሰው፣ እዚያ እጁን የሚያወጣው አዋጅ ለማጽደቅ ብቻ ይሆናል። (ደመወዙማ ሳይሻለው አይቀርም!)

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ግን ተመራጩ ለኅሊናውም ተገዢ ነው ይላል። መራጩ አመኔታ ካጣበትም ሊያወርደው ይችላል። ለመሆኑ የካራን ተመራጭ የት እንደምናገኘው የሚያውቅ አለ? ካለ እስቲ ይጻፍልኝ።