ፒያሳ ገደል ሆና ዋለች

ቆይ፣ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

እዚህ ደሴ ስልጠና ላይ ሰነበትኩ። «የኮምፒውተር ስልጠና ለወጣት የመሬት ሳይንስ ተመራማሪዎች» ይላል ባነሩ። ባነሩ ያምራል፣ አልዋሽም። ከሳምንቱ ሁሉ ያለምንም ችግር የሠራው እሱ ብቻ ነው።

መክፈቻው ቀን በንግግር አለቀ። ከዚያ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መጫን መጣ። ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ዋይፋይ! መጨረሻ ላይ በፍላሽ እየተቀባበልን ጫንን፣ ከነቫይረሱ። መብራት ሄደ። «እስኪመጣ ሻይ ጠጡ» ተባለ። ሳምቡሳው ግን አንደኛ ነበር፤ የሰው ሐቅ አልበላም።

ኮዱ ያለው ፓወርፖይንት ላይ ነው። ኮፒ ስታደርገው የጥቅስ ምልክቱ ተጣምሞ ይመጣል፣ ፓይተን ደግሞ ጠማማውን አይቀበልም። ከሰዓቱን ሙሉ ማስተርስ ያለው ሰው ጥቅስ ሲያቃና ዋለ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ «እንደገና ሞክሩ» ብቻ።

ወደ ዋናው ልምጣ።

የከፍታ ዳታው ተከፈተ። ያው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 በራዳር የለካችው፣ ባለ 30 ሜትሩ። ተዳፋት፣ ማለትም መሬቱ ምን ያህል ቁልቁል እንደሆነ አስሉ ተባልን፣ አሰላን። ካርታው ቀይ በቀይ! ሁሉም ቦታ ወደ 90 ዲግሪ ተጠጋ። የጦሳ ተራራ እሺ ይሁን። አዝዋ ገደልም ስሙ ራሱ ገደል ነው። ፒያሳስ? ኮምቦልቻ ኤርፖርትስ? አውሮፕላኑ ግድግዳ ላይ ነው እንዴ የሚያርፈው?

ለአሰልጣኙ እጄን አወጣሁ። «ዶክተር፣ ዳታው አግድሙ በዲግሪ ነው፣ ከፍታው ግን በሜትር። መጀመሪያ አግድሙንም በሜትር ወደሚለካው ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ብንቀይረውስ?»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «የት ነው የተወለድከው አንተ?»

«እዚሁ ደሴ።»

«ታዲያ ደሴ ተራራማ መሆኗን እስከ ዛሬ አላየህም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ኧረ እሱ ሆጤ ስታዲየም ውስጥ ነው ያደገው!» ብሎ ጨመረበት። አንተ ራስህን ታውቃለህ፣ ይሄንንም እያነበብክ ነው። ዶክተሩ ሳቁ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቆ «ሶፍትዌር አይሳሳትም፣ ስላይዱን ተከተል» አለኝ።

ወላሂ እንቅልፍ ነሳኝ። አንዷ ፒክሰል፣ የካርታው ትንሿ ካሬ፣ በዲግሪ 0.00028 ገደማ ናት። ኮምፒውተሩ ይቺኑ ቁጥር በሜትር ናት ብሎ ነው የሚያሰላው። ሚሊሜትር በማትሞላ ስፋት የአንድ ሜትር ከፍታ ሲያገኝ ገደል ካላለ ምን ይበል? ምስኪን፣ ያዘዙትን ነው የሠራው።

ሌላ ከተማ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። እዚህ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ዳገቱ ቤት ይዞ የሚወርድበት ሰፈር አለ። በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ በመሬት መንሸራተት የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ካርታው ሁሉ ቀይ ከሆነ ታዲያ የትኛውን ሰው ነው ተነሣ የምትለው? ፒያሳ ያለውን ባለሱቅ?

ላንድላብ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ መጨረሻው ስላይድ ላይ በስም ብቻ ተጠቀሰ። ነፃ ነው፣ በፓይተን ነው የተሠራው፣ የመሬት መንሸራተት ዕድል የሚያሰላ ክፍል አለው፣ መልመጃውም ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል። በሌሊት ፓኬጅ ዓይኔ እስኪቀላ የተማርኩት እሱን ነው። ውጭ አገር ለሚሰጥ ስልጠና ላመልክት ስል ደግሞ «የፓይተን ልምድዎን ይግለጹ» ይላል። ምን ልበል? ጥቅስ አቃንቻለሁ?

አምና ለክፍላችን ኮምፒውተሮች ሚሞሪ ይጨመርልን ብለን ጽፈን «በጀት የለም» ተብለን ነበር። ባነሩ ላይ ግን የኃላፊዎቹ ፎቶ በከለር አለ። ይሁን። አብሽር ነው መቼም የኛ አገር መድኃኒቱ።

በመጨረሻ የግምገማ ፎርም ታደለ። ስልጠናው እንዴት ነበር? ምርጫው፦ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ። አበል የሚከፈለው ፎርሙን ለመለሰ ነው። «ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።