ቲኬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ እንጂ አባቴ አይደለም!

ባቡር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከዮኮሃማ ቤቴ ድረስ አንድ ሰዓት አለ። እስክደርስ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የዛሬውን ቀን ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ጆሯችሁን ያደነቆርኩበት ኮንሰርት ነው። ሁለት ጊዜ ዕጣ ገብቼ አልወጣልኝም፣ በሦስተኛው ወጣ። እዚህ አገር ገንዘብ ስላለሽ ብቻ ቲኬት አትገዢም። መጀመሪያ የደጋፊዎች ክለብ ገብተሽ ዓመታዊ ትከፍያለሽ። ከዚያ ዕጣ። ከዚያ በጃፓን ስልክ ቁጥር ኮድ። ከወጣልሽ በሦስት ቀን ውስጥ ኮንቢኒ (የሰፈር ሱቅ) ሄደሽ መክፈል ነው፣ ካለፈሽ ይሰረዛል። በዋጋው ላይ ደግሞ የሲስተም ይላሉ፣ የማውጫ ይላሉ፣ የመክፈያ ይላሉ፣ በየስሙ ይቆርጡልሻል። ወንበርሽ የት እንደሆነ የምታውቂው በዕለቱ ነው። ሁሉንም ይሁን አልኩ። 12,000 የን ወጣብኝ። እሱም ይሁን!

በሩ ላይ ደረስኩ። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኬን አየች፣ የመኖሪያ ካርዴን አየች፣ መልሳ ስልኬን አየች። ከዚያ ጎንበስ አለች። እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ሲጎነበስልሽ ያኔ ሆድሽ ይባባል።

«ይቅርታ፣ የቤተሰብ ስምዎ የትኛው ነው?»

«የቤተሰብ ስም የለኝም። አገሬ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ይሄ የእኔ ስም ነው፣ ይሄ የአባቴ፣ ይሄ የአያቴ።»

«እዚህ ግን ገብረመድህን ነው የሚለው።»

«አዎ፣ አባቴ ነው።»

«ቲኬቱን የገዙት አባትዎ ናቸው?»

አባቴ! ደሴ ያለው አባቴ! ጡረታውን ለመቀበል ባንክ ሲሄድ እንኳ የጎረቤት ልጅ አስከትሎ የሚሄደው አባቴ!

«አይደለም፣ እኔ ነኝ የገዛሁት።»

«እንግዲያውስ ገብረመድህን ሳማ ባለቤትዎ ናቸው?» (ሳማ የአክብሮት መጠሪያ ነው።)

እናንተዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። ማንም አያጉረመርምም፣ ሁሉም ስልኩን ያያል፣ ሁሉም ግን ይሰማል። በጃፓን ሕግ የተጋቡ ጃፓናውያን አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ለልጅቷ ያ ስም ወይ የባሌ ነው፣ ወይ ቲኬቱን የሸጠልኝ የሌላ ሰው ነው። የአባት ስም ይዞ የሚዞር ሰው አለ ብሎ የነገራት የለም። በእሷ አልፈርድም። የምፈርደው ፎርሙን በሠራው ሰው ነው። ሁለት ሳጥን ብቻ አስቀምጦ ሄደ። ሦስት ስም ያለው ሰው የት ይጻፍ? ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አጭቄ በካታካና፣ በጃፓኖቹ ፊደል፣ ብጽፍ ቦታው አልበቃ ብሎ የአያቴን ስም ከመሀል ቆረጠው። ካርዴ ላይ ደግሞ ሙሉ ነው። ስለዚህ አይገጥምም።

ሬዲዮ አነሳች። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጣ። ከሀ ጀምሬ አስረዳሁ። «ሞሺዋኬ ጎዛይማሴን» አለኝ፣ በጣም ይቅርታ ማለት ነው። ሦስቴ አለኝ። ወደ ጎን አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ጋ አቆሙኝ። የክለብ ቁጥሬን፣ የልደት ቀኔን፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ጠየቁኝ። ሁሉንም ሰጠሁ። ሃምሳ ደቂቃ! አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ቢሰድቡኝ እሰድባቸው ነበር። ጎንበስ እያለ የሚከለክልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ?

እና የመጣሁበትን ዘፈን በግድግዳ ነው የሰማሁት። ያን ዘፈን። ሲከፈት ሕዝቡ ሲጮህ ሰማሁ፣ ባሱ እግሬ ድረስ ይመጣል፣ እኔ ጠረጴዛ ጋ ቆሜያለሁ። ለኮንሰርት የሚወዘወዘውን የመብራት ዱላ በእጄ ይዤያለሁ፣ አልበራችም። ውስጥ መቅረጽ ክልክል ስለሆነ ከሰው ስልክ እንኳ አላገኘውም። አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ሕጉን እደግፋለሁ፣ እንዳትሳሳቱ። ቲኬት አትራፊዎች ስንቴ ዕጣ እንዳሳጡኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እ.ኤ.አ. ከጁን 14 ቀን 2019 ጀምሮ ያለ አዘጋጁ ፈቃድ ከዋጋው በላይ መቸርቸር እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ያስቀጣል። ጥሩ ነው። ይያዙ። ግን እኔ ምን ሸጥኩ? የሸጥኩት ነገር ቢኖር ቅዳሜዬን ነው።

ስሜ እኮ ዛሬ ብቻ አይደለም ያስቸገረኝ። ባለፈው ክሊኒክ «ገብረመድህን ሳን» ብለው ሲጠሩ አባቴን መስሎኝ ቁጭ አልኩና ተራዬ አለፈ። የዮጹጊ (የቶኪዮው የሐበሻ ሰፈር) ልጆች ሁላችሁም እንደዚህ ዓይነት ታሪክ አላችሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልበል። ይሄ ኢንዱስትሪ ማጣራት ይችላል ማለት ነው። ፊደል በፊደል ማጣራት ይችላል! ታዲያ በጆኒ ኪታጋዋ ጊዜ የት ነበር? ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪሞት ድረስ የወንድ ልጆችን የሙዚቃ ቡድኖች የሚያወጣው ትልቁ ድርጅት ባለቤት ነበር። ልጆቹን በወሲብ እንደሚያጠቃ አንድ ሳምንታዊ መጽሔት በ1999 ጻፈ። መጽሔቱን ከሰሱት። በ2003 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥቃቱ ዘገባ ዋና ፍሬ ነገር እውነት ነው አለ፤ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ቴሌቪዥኖቹስ? ዝም። ልጆቹን እያስጨፈሩ ዝም። ቢቢሲ በ2023 ዘጋቢ ፊልም ከሠራ በኋላ ነው ድርጅቱ በዚያው ዓመት ያመነው። አጣሪው ቡድን ራሱ የመገናኛ ብዙኃን ዝምታ ለጥፋቱ አንዱ ምክንያት ነው ብሎ ጽፏል። ፍርድ ቤት የጻፈውን ሃያ ዓመት ያላነበበ ሰፈር የእኔን አያት ስም ለማንበብ ሃምሳ ደቂቃ ያቆመኛል!

ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘዋል። ገንዘብ የሚያመጣውን አይጠይቁም፣ ገንዘብ የሚከፍለውን ይጠይቃሉ። ኤኬቢ48 የሚባለው የሴት ልጆች የዘፈን ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 በየዓመቱ የአባላት ምርጫ ሲያደርግ የድምፅ መስጫው ከሲዲው ጋር ነበር የሚመጣው። ብዙ ሲዲ የገዛ ብዙ ድምፅ ይሰጣል። ያኔ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለ አልነበረም።

ገንዘቤ ለሚደክሙት ቢደርስ ደግሞ ባልተቆጨሁ። እነዚያ ሁላችንን ያሳደጉንን አኒሜዎች፣ የጃፓን ካርቱኖች፣ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ የአኒሜተሮች ማኅበር ጥናት፣ በሁለት ሥዕል መሀል ያሉትን የሚስሉት ጀማሪዎች በዓመት 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር የሚያገኙት። ቶኪዮ ውስጥ! የቤት ኪራይ ከከፈሉ በኋላ ምን ይበላሉ?

እሺ፣ በቃኝ። ደክሞኛል። የሚቀጥለው ጣቢያ የእኔ ነው።

ገብቼ ያየሁት ግማሽ ኮንሰርት ቆንጆ ነበር። ዘፋኟ ስትዘፍን ሰማይ ነበርኩ፣ እሱንም መናገር አለብኝ። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

የኦሳካው ዕጣ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ከእናንተ ውስጥ በር ላይ ሳይቆም የገባ ካለ፣ ስማችሁን በየትኛው ሳጥን ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። እባካችሁ እስከ ረቡዕ።